የሌኖር ኮምፓስና የክሬኑ ገመድ

ሌኖር ትሬዊን አውስትራሊያ ውስጥ ሆባርት ወደብ ላይ ሃያ ስድስት ዓመት የመርከብ ንድፍ ስትሠራ ኖረች። የምትሠራበት ድርጅት ኮምፒውተር ሲያስገባ የመሳያ ጠረጴዛዋን አወጡና እሷንም አሰናበቷት። አኮረፈች። "ይሄን ዕቃ በእጄ ብነካው!" ብላ ማለች። ከዚያ የክብ መሳያ ኮምፓሷን በቦርሳዋ እንደያዘች የአንድ ትንሽ ቢሮ ስልክ ተቀባይ ሆነች። ጉድ እኮ ነው፤ ቢሮው ክሬን ነጂዎች የሚለማመዱበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሠራ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ፕሮግራሙን የሚጽፈው አንሰልም ጠረጴዛውን በቡጢ ነረተው። ስክሪኑ ላይ ገመድ የሚዞርበት አንድ ክብ ፑሊ፣ አንድ መንጠቆና በመካከላቸው የተወጠረ ገመድ ይታያል። መንጠቆውን በማውስ ወዲያ ወዲህ ሲጎትተው ገመዱ ደህና አድርጎ ይከተለዋል፤ ቀጥ ብሎ ሲንጠለጠል ግን ድንገት እልም ይላል።

"የክሬን ገመድ ቀጥ ብሎ ካልተንጠለጠለ ምኑን ክሬን ሆነ?" አለች ሌኖር ከኋላው።

"አታብግኚኝ ሌኒ! ገመዱ ቀጥ ሲል ቀመሩ በዜሮ አካፍል እያለኝ ነው።"

"ቀመሩን ተወውና ሳለው።"

"በምን?"

"በኮምፓስ ነዋ፣ አንተ ጅል!"

የስልክ መልእክት የምትጽፍበትን ወረቀት ገልብጣ ፑሊውንና መንጠቆውን ሳለች፤ ከመንጠቆው እስከ ፑሊው መሐል ነጥብ መስመር አሰመረች። መስመሩን እኩል ከፈለችና ኮምፓሷን እዚያ ተክላ በሁለቱም ጫፎች የሚያልፍ ክብ አዞረች። ክቡ የፑሊውን ጠርዝ ሁለት ቦታ ቆረጠው።

"ገመዱ ፑሊውን የሚነካው እዚህ ጋ ነው። ያኛው የወዲያኛው ጎን ነው፣ እርሳው። መንጠቆው ታችም ሆነ ጎን፣ ኮምፓስ ግድ የለውም።"

"መንጠቆው ፑሊው ውስጥ ቢገባብኝስ?"

"ያኔ ክቦቹ አይገናኙማ። ገመድ የለም ማለት ነው። የሌለ ነገር አትሳል!"

 አንሰልም ማውሱ በተነቃነቀ ቁጥር ኮምፒውተሩ የእሷን አሳሳል ከመጀመሪያው እንዲደግመው አድርጎ ጻፈ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ጨረሰ።

"በይ ጎትቺው።"

"እኔ?"

"የሳልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?"

እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ ማውሱን ያዘች። መንጠቆውን ቁልቁል አወረደችው፤ ገመዱ ቀጥ ብሎ ቆመ። አዞረችው፤ ክቡም መስመሩም አብረው ዞሩ። እሷ እንዲህ ያለውን ለማየት ስንቱን ወረቀት ስትፍቅ ኖራለች!

"ላጲስ እንኳ አያስፈልገው!" አለች። ከዚያ ወንበር ሳበች። "ሁለት ፑሊ ቢሆንስ? አምጣው እስቲ።"

በወሩ ሌኖር ከአንሰልም ጎን ጠረጴዛ ተሰጣት፤ ቢሮውም ሌላ ስልክ ተቀባይ ቀጠረ።