ተከፍሎበት ባዶ ያደረ ክፍል

ይህ የሆነው አምና በገና ሰሞን እዚሁ ላሊበላ ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ ዛሬም ግን አረፍ ብዬ ስቀመጥ ይመጣብኛል።

በእኛ ከተማ ለገና የሚመጣን ተሳላሚ እግሩን አጥቦ ማሳደር የቆየ ወግ ነው። እማማ ዘውዴ ከወገል ጤና በእግራቸው እየመጡ እኛ ቤት ማረፍ የጀመሩት አባቴ በሕይወት ሳለ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ባልቴት ናቸው። ቀጠሮ የለን፣ ስልክ የለን፤ ገና ሲደርስ ብቅ ይላሉ፣ በቃ።

አምና ግን የሚያርፉባትን ክፍል ሲሚንቶ አስለብሼ፣ አልጋ አስገብቼ ለኪራይ አዘጋጀኋት። ልጆች አሉኝ፤ ኑሮውም የማይቀመስ ሆኗል። አንድ የአዲስ አበባ ቤተሰብ በደላላ በኩል ያዛትና ክፍያውን አስቀድሞ ላከ። ለእማማ ዘውዴ ምን እንደምላቸው አላሰብኩበትም። እውነቱን ለመናገር ማሰብ አልፈለግኩም።

ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብለው እኩለ ቀን ላይ ደረሱ። በሩ ላይ ቆሜ «ዘንድሮ ቤቱ ሞልቶብናል፣ እማማ» አልኳቸው።

«አብሽር የኔ ጌታ፤ የእግዜር ሜዳ መች ጠፋ» አሉ። ከዚያ ቋጠሯቸውን ፈተው ምስር አወጡ። እንደ ሁልጊዜው ለቤቱ ያመጡት ነው። አልቀበልም ማለት ነበረብኝ። ተቀበልኩ።

አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። የእንግዶቹ በረራ ተሰርዟል። «ነገ ሳንመጣ አንቀርም፤ ክፍሏን ለሰው እንዳትሰጥብን» አሉኝ።

ባለቤቴ ሰምታ ኖሮ «እማማ ሩቅ አልሄዱም፤ ሮጥ በልና ጥራቸው» አለችኝ።

«የተከፈለበት ክፍል ነው፤ ምን መብት አለኝ?» አልኳት። ትክክል የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። እሷ ምስሩን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች።

በማግስቱም እንግዶቹ አልመጡም። ክፍሏን እየከፈትኩ አያለሁ፤ አንሶላው እንደተነጠፈ ነው። እወጣለሁ፣ እገባለሁ። ወደ ማታ ደውለው ጭራሽ እንደቀሩ ነገሩኝ። «ገንዘቡ ግድ የለም፣ ያዘው» አሉ፣ እንደ ቀልድ።

በገና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ እማማ ዘውዴን ፍለጋ በሕዝቡ መሃል ተራወጥኩ። ቤተ ማርያም አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁለት ሌሊት ሜዳ ላይ አድረው ድምፃቸው ተዘግቷል፤ የመንገዱ አቧራ ገና ከእግራቸው አልለቀቀም። ከየት እንደምጀምር ግራ ገባኝ።

ቀደሙኝ። «እንግዶችህስ ደህና ገቡልህ፣ ልጄ?»

«አዎ፣ ደህና ገቡ» አልኩ።

«ተመስገን» አሉ።

ክፍሏን ማከራየቴ አይቆጨኝም፤ ሠርቼ ማደር አለብኝ። አልጋው ባዶ ማደሩንም «ተከፍሎበታል» ብዬ ለጠየቀኝ ሁሉ ማስረዳት እችላለሁ። ያቺን «አዎ» ግን ለራሴም ማስረዳት አቃተኝ።

ዘንድሮም ክፍሏን የጠየቀ አለ፤ እሺም እምቢም አላልኩትም። እማማ ዘውዴ ሲመጡ እውነቱን እነግራቸዋለሁ ብያለሁ። ባይመጡስ እያልኩ መንገድ መንገዱን አያለሁ።