የእህቴ ጉበት

እህቴ ጉበቷን ቆርሳ ከሰጠችኝ ወዲህ ሆዴ የኔ አይደለም። በሸዋ ሮቢት እንደሷ ያለ ተቆጣጣሪ የለም። ጥሬ ሥጋ ክልክል ነው፤ ከደጅ የተገዛ ነገር ክልክል ነው፤ ማንጎ እንኳ በእሷ እጅ ታጥቦ ካልተላጠ ክልክል ነው። በማንጎ አገር ተወልጄ ማንጎ በፈቃድ እበላለሁ። ታናሼ ነበረች፤ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ታላቄ ሆነች።

በልጅነቴ ዓይኔ ቢጫ ሲሆን «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ ቅጠል ተጨምቆልኝ ጠጥቻለሁ። የዳንኩ መስሎን ነበር። በሽታውን ያመጣው የጉበት ቫይረስ ግን ውስጤ አድፍጦ ኖሮ፣ አድጌ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ካንሰር ሆኖ መጣ። ህንድ አገር ሄደን እኔና እህቴ አንድ ቀን ቢላ ሥር ገባን። ሐኪሙ አስቀድሞ በግልጽ ነግሮኛል፤ ዕድሜዬን የሚወስነው የዕጢው ትልቅነትና ብዛት ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደ ደም ሥር መግባት አለመግባቱ። እሱ የሚታወቀው አሮጌው ጉበት ወጥቶ ሲመረመር ነው። ውጤቱን የተቀበለው አብሮን የሄደው ታላቅ ወንድሜ ነበር። «ንጹሕ ነው አሉ» አለኝ።

በእኛ አገር መጥፎ ወሬ መጨረሻ የሚደርሰው ለባለቤቱ ነው። መርዶ እንኳ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚነገረው። ለበሽተኛማ ጭራሽ አይነገርም።

በቅርቡ ሳል ይዞኝ ለክትትል አዲስ አበባ ሄድን። ደረቴን በማሽን አነሡኝ። ወንድሜ «አንተ እዚህ አረፍ በል» ብሎ ሐኪሙ ዘንድ ብቻውን ገባ። ሲወጣ ፊቱን ታጥቦ ነበር።

«ምን አለ?»

«ደህና ነህ ብሏል። ሳሉ ብርድ ነው። ክብሩ ይስፋ።»

የጣርማ በርን ዋሻ አልፈን ደብረ ሲና ስንደርስ መኪናውን አቆመና፣ ከመንገድ ዳር ቆሎ ገዝቶ እጄ ላይ ዘረገፈው።

«እሷ ብታይ ትገድለናለች» አልኩት እየሳቅሁ።

«ብላ ባክህ» አለኝ። መንገዱን እንጂ እኔን አላየም።

ፈራሁ። እሷ ከተቆጣችኝ ግን ደህና ነኝ ማለት ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ የቆላው ሙቀት በመስኮት እየገባ፣ ስድቧን ናፈቅሁ።

ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችን። ዓይኗ አብጧል። ለካ ወንድሜ መንገድ ላይ ከመኪና እየወረደ ሲደውል የነበረው ለእሷ ነው። የተረፈኝን ቆሎ ከኪሴ አውጥቼ ፊቷ ቆረጠምኩ።

«የመንገድ ቆሎ እኮ ነው» አልኳት፣ እንድትቆጣኝ።

«ምን አለበት፣ ብላ። የፈለግኸውን ብላ የኔ ጌታ» አለችኝ።

ያኔ አወቅሁ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

አሁን ቤታችን ሰው ይበዛል። አጎቶቼ ከጀውሃ እየመጡ «ወፈር ብለሃል» ይሉኛል፤ ሱሪዬን በገመድ ነው የማስረው። እናደዳለሁ። መሞቴን አገር ያውቃል፤ እኔ ብቻ ያላወቅሁ መስዬ እንግዳ መቀበል አለብኝ።

ከሁሉ የጎዳኝ ግን እህቴ ጓዳ ሆና ለወንድሜ ስትናገር የሰማሁት ነው። «ምናልባት የኔ ጉበት ደካማ ሆኖ ይሆን?» አለችው። ጉበትሽ ምን በወጣው፣ እንደ ወይፈን እየሠራ ነው፤ ካንሰሩ የኔው ነው፣ ከአሮጌው አምልጦ ሳንባዬ የገባ፤ ልላት ፈለግሁ። ካልኳት ግን ማወቄን ታውቃለች፤ እኔ ፊት ደረቅ ዓይን ይዛ መቆም አትችልም።

ሰውነቴ «ይህ የሌላ ሰው ነው» ብሎ ጉበቷን እንዳይገፋው የምውጠው መድኃኒት አለ። ድሮ ሰዓቱ ሲደርስ የምትጮህብኝ እሷ ነበረች፤ አሁን ትታዋለች። እኔ አላቋረጥኩም። ሰዓቱን ጠብቄ፣ እያየችኝ እውጠዋለሁ። ለመዳን አይደለም። ስሞት፣ ጉበቷ እስከ መጨረሻው ደህና እንደነበረ ሐኪሙ እንዲነግራት ነው።