የሰይድ ዝናርና የእኔ ቀበቶ

ልጆች፣ ለአደን የትኛው ቀበቶ ይሻላል ብላችሁ ስትከራከሩ ሰማሁ፤ የዘወትሩ ወይስ የተኩስ ሜዳው? ቁጭ በሉ። ያየሁትን ልንገራችሁ።

ማሽላው ፍሬ የቋጠረበት ጥቅምት ነበር። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ይጋረፋል። ከርከሮ ከወንዙ ዳር እየወጣ የቀወት ወረዳችንን ማሳ ቢያወድምብን፣ ቀበሌው ተኩሰን እንድናባርር ፈቅዶልናል። አብሮኝ የወጣው ሰይድ ነው፤ ማሳችን ድንበርተኛ፣ ልጆቻችን አብሮ አደግ። ሚሊሻ ስለነበር ተኩስ ሲለማመድ የሚታጠቀውን ሰፊ ዝናር አድርጎ መጣ፤ ደረቅ ሸራ፣ ኪሶቹ ወደ ውጭ ያበጡ፣ ማያያዣው ብረት። እኔ ለገበያም ለቤተ ክርስቲያንም የምታጠቃትን ቀጭን የቆዳ ቀበቶ ነው ያደረግሁት። ጥይቶቼን በትንሽ ከረጢት አንጠልጥዬባታለሁ።

«ሰይዴ፣ ይሄ እኮ ቆመህ ዒላማ ስትመታ ነው የሚያምርብህ። እሾህ ውስጥ ያስቸግርሃል» አልኩት።

ሳቀ። «ወላሂ ጋሼ፣ የእርስዎም ከረጢት ሲፈልጓት አትገኝም።»

አንዳችን ስለሌላችን ቀበቶ የተናገርነው እውነት ነበር። የለወጠ ግን የለም።

በመስኖው እርጥብ አፈር ላይ የሰኮናው ዱካ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሰፊ ነው፣ ጥልቅ ነው፣ ትልቅ ወንድ ነው። ማሳው ጥግ ላይ ደረስንበት። ሰይድ ተኮሰ። ከርከሮው የኋላ እግሩን እየጎተተ ወንዙ ዳር ያለው የቀንጠፋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። የቆሰለ ከርከሮ ደግሞ ትቶ መሄድ አይቻልም፤ ሴቶች ውሃ የሚቀዱት እዚያው ሥር ነው። ሣሩ ላይ የተንጠባጠበውን ደም እየተከተልን በደረታችን ተሳብን፤ ሰይድ ከፊት፣ እኔ ከኋላው ወደ ቀኝ ፈንጠር ብዬ።

መጀመሪያ የሰማሁት የአውሬውን ትንፋሽ ነው። ከዚያ ቁጥቋጦው ተበረገደና ክራንቻው ታየኝ። ሰይድ መሣሪያውን ሊያዞር ፈለገ፤ ቦታ የለም። ወደ ኋላ ሊያፈገፍግ ሲል የቀንጠፋው ቆልማማ እሾህ የዝናሩን ኪሶች ግጥም አድርጎ ያዛቸው።

«ጋሼ! ያዘኝ!»

እጁን ወደ ማያያዣው ሰደደ፤ አልፈታለት አለ። ተኮስኩ፤ ሳትኩት። የእኔ ጠመንጃ አሮጌ ናት፣ የምትጎርሰው አንድ በአንድ ነው። ከረጢቷን ብዳብስ የለችም፤ ስሳብ ዞራ ጀርባዬ ላይ ሄዳለች። ጎትቼ አምጥቼ፣ ጥይት አውጥቼ፣ እስካጎርስ ድረስ አውሬው የሰይድን ጭን ተርትሮታል። ያን ጊዜ ገደልኩት። ምን ዋጋ አለው?

ጭኑን በፎጣዬ ጠፍሬ አሰርኩት፤ ደሙ ፎጣውን አልፎ መጣ። አዝዬው መንገድ ወጣሁ፤ ባጃጅ አገኘን። ውስጥ እያለን ዓይኑን ገለጠ።

«ጋሼ፣ ሞተ?»

«ሞቷል።»

«አልሃምዱሊላህ። ሴቶቹ ሳይወርዱ» አለ።

ከዚያ ሸሃዳውን ሲል ከንፈሩ ብቻ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ሸዋ ሮቢት ሳንደርስ እጄ ላይ አረፈ።

እንግዲህ ቀበቶ ቤት ውስጥ ቆማችሁ አትምረጡ። መሣሪያችሁን ይዛችሁ፣ ታጥቃችሁ፣ እሾህ ሥር ተሳቡበት። በአንድ እጅ ይፈታ እንደሆነ፣ ጣታችሁ ሳታዩት ጥይቱን ያገኝ እንደሆነ እዩ። የተማርኩት ይቺን ናት። ለሰይድ አልደረሰችም፤ ያኔ ባውቃትም ታድነው እንደነበር እርግጠኛ አይደለሁም። አሁንም እንቅልፍ ሲወስደኝ ጀርባዬን እዳብሳለሁ።

ከቀብሩ በኋላ የሰይድን ማሳ ልጠብቅለት ሄድኩ። በጠራራ ፀሐይ ሌሎች ከርከሮዎች ግልገሎቻቸውን አስከትለው ወጡ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ። ጠመንጃዬን አነሳሁ። ሳልተኩስ መልሼ አወረድኳት። ለካ ሚስቱ ከዲጃ መጥታ ከኋላዬ ቆማለች። አገዳው እየተሰበረ ሲወድቅ አየች።

«ይተዉት ጋሼ» አለችኝ። «ይብሉት።»