ሃያ አንድ የከሰል መስመር

ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚህ ቡራዩ፣ ጎረቤቴ ሰላም በሽቦ አጥር ውስጥ ከምታረባቸው ጅግራዎች የመጀመሪያዎቹን ሦስት እንቁላሎች «እትዬ፣ ይቅመሱልኝ» ብላ በሳህን አመጣችልኝ። አንዱን በብርጭቆ ጠርዝ መታሁት፤ አልተሰነጠቀም። ጠንከር አድርጌ ስደግመው ቅርፊቱ ጧ አለና እኔም ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። የጅግራ እንቁላል እንደ ዶሮ አይደለም፣ ጉልበት ይጠይቃል፤ ምን ያህል እንደሚጠይቅ ደግሞ ያየሁት ከአባቴ እጅ ነው።

ያኔ የምንኖረው ሰበታ ነበር፤ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነኝ። አባቴ ከጎጃም መጥቶ በጨርቅ ፋብሪካ ማሽን የሚጠግን፣ እጁ ብረት የለመደ፣ ቁጣው ከአፉ በፊት እጁ ላይ የሚደርስ ሰው ነበር። ከተጂ ገበያ እህል እያመጡ የሚሸጡ ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ ወዳጁ አንድ ቀን ሁለት ወንድና ሁለት ሴት ጅግራ በጆንያ ይዘውለት መጡ፤ የሚፈለፈለውን እኩል ሊካፈሉም ተስማሙ። አባቴ ጓሮውን በሽቦ ወንፊት አጠረና መንገደኛውን ሁሉ እየጠራ ያሳይ ጀመር። በሰፈራችን ዶሮ ያላረባ የለም፤ ጅግራ የሚያረባው ግን እሱ ብቻ ሊሆን ነው። ያን ያህል ሲደሰት አይቼው አላውቅም።

ወፎቹም ጠባያቸው የእሱው ነበር። ሁለቱ ወንዶች ገና ሲነጋ እየተሳደዱ ይቦጫጨቃሉ፣ አንዱ የሌላውን አናት ሳያደማ አይለቅም፤ ሴቶቹም እንቁላላቸውን የትም ጥለው ይሄዳሉ እንጂ መታቀፍ የሚባል ነገር አያውቁም። አሥራ አምስት እንቁላል እንደለቀምን፣ አንድ ቀን ውሃ ሰጥቻቸው ስወጣ የሽቦውን በር ሳልቀረቅር ቀረሁ። ሸለምጥማጥ ገብቶ የሁለቱንም ሴቶች አንገት በጠሰ። አባቴ ሸለምጥማጡን ጥግ አስይዞ በአካፋ ጨፈጨፈው፤ ከዚያ አካፋውን ጣለና ቀበቶውን ፈታ። ጀርባዬ ላይ የወጣው ሰንበር ሳምንት ሙሉ በሆዴ አስተኛኝ፤ እናቴ ቅቤ እየቀባችኝ አብራኝ ታለቅስ ነበር።

ተስፋው ሁሉ እነዚያ እንቁላሎች ላይ ቀረ። አባቴ ገብስማ ዶሯችንን አስታቀፋትና በጓዳው በር ላይ በየቀኑ አንድ አንድ የከሰል መስመር ያሰምር ጀመር። በዚያው ሳምንት እሱ ሥራ ላይ ሳለ ኦቦ ቶሎሳ መጡ። ዶሮዋንም መስመሩንም አይተው፣ አባቴ ሃያ አንድ እስኪሞላ እንደሚቆጥር ስነግራቸው ሳቁና «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ለአባትሽ ንገሪው፤ ሃያ አንድ ቀን የዶሮ ነው። ጅግራ አራት ሳምንት ይፈልጋል» አሉኝ። እሺ አልኩ። አልነገርኩትም። ረስቼ አይደለም፤ ሰንበሩ ገና ያቃጥለኝ ነበርና ሁሉን አውቃለሁ የሚለው አባቴ በሰፈሩ ፊት ሲዋረድ ማየት ፈለግኩ። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ የእኔው ግን ቂም ነበር።

መስመሩ ሃያ አንድ ሞላ። በማግስቱ እንደ ምንም ታገሠ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንዱ ጎረቤት በአጥር ላይ «ጅግሮችህስ?» ብሎ ሲስቅበት ደሙ ፈላ። ዶሮዋን በክንፏ አንጠልጥሎ ወረወራት። እንቁላሎቹን በቅርጫት አወጣና «ሁሉም ግም ነው!» እያለ ልብስ ማጠቢያው ድንጋይ ላይ ያፈርጣቸው ገባ። የመጀመሪያው እውነትም ግም ነበር፤ ሽታው ግቢውን ሞላው። ሌሎቹ ቅርፊታቸው አልሰበር ሲለው ባሰበት፣ ሁለት ሁለት እያደረገ ይወረውር ጀመር፣ ድንጋዩ መቅላቱንም አላየም። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ። አፌን መክፈት እችል ነበር። እርጥብ ላባ የለበሰ ነገር ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ እግሩን ሲያንፈራግጥ ሳይ ነው የጮህኩት። ያን ጊዜ እጁ ላይ የቀረው አንድ ብቻ ነበር።

ዶሮዋ ክንፏ ተሰብሮ ስለነበር አልታቀፍም አለች። አባቴ ያችን አንዲት እንቁላል በሸሚዙ ውስጥ ደረቱ ላይ ይዞ ዋለ፣ ይዟትም አደረ። በሦስተኛው ቀን ሸተተች።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ኦቦ ቶሎሳ ድርሻቸውን ሊወስዱ ቅርጫት ይዘው መጡ። የሆነውን ሲሰሙ ራሳቸውን ያዙ። «አራት ሳምንት ነው ብዬ ለልጅቷ ነግሬያት ነበር እኮ! አልነገረችህም?» አሉት። አባቴ ዞሮ አየኝ፤ እኔ የማየው ቀበቶውን ነበር።

«ነግራኛለች» አለ። «እኔ ነኝ ያልሰማሁ።»

ሁለቱን ወንድ ጅግራዎች ለኦቦ ቶሎሳ መለሰላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፤ ግን ሰው ጠርቶ የሚያሳይበት ያ ደስታው ከወፎቹ ጋር አብሮ ሄደ፣ ሲመለስም አላየሁትም። ከቀበርነው አራት ዓመት ሆነ። ለቀበቶው ይቅርታ አልጠየቀኝም፣ እኔም ለዝምታዬ አልጠየቅኩትም።

የዚያን ቅዳሜ ማታ ሰላም ሳህኗን ልትወስድ ስትመጣ የሚቀጥሉትን እንቁላሎች ለዶሮ ልታስታቅፍ እንደሆነ አጫወተችኝ። «ሃያ ስምንት ቀን ነው» አልኳት።

«አውቃለሁ እትዬ፣ ስልኬ ላይ አይቻለሁ» አለችኝ።

እኔ ግን ደግሜ ነገርኳት።