ለልጆች የሚመጥን የካቲት 12

እፀገነትን የሚያቅለሸልሻት የአትክልት ተራ ጭቃ ወይም የበሰበሰ ቲማቲም አይደለም። «ለልጆች የሚመጥን» የሚለው ቃል ነው። ይህን ስትሰማ ከንፈሯን ወደ አፍንጫዋ ሰብሰብ አድርጋ «ኤጭ!» ትላለች። ተማሪዎቹ በስውር ያወጡላት ስም ራሱ «ቲቸር ኤጭ» ነው። እሷም ታውቃለች፤ ደስ ሳይላት አይቀርም።

ከአፍንጮ በር ዝቅ ብሎ ባለ አንድ የግል ትምህርት ቤት አብረን እናስተምራለን፤ እኔ ሒሳብ፣ እሷ ኅብረተሰብ። ተወልዳ ያደገችው ሠራተኛ ሰፈር ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ቤታቸው ሬዲዮ ስለማይዘጋ ገና በሕፃንነቷ ዜና አንባቢዎችን እየኮረጀች የአባቷን ደንበኞች ታስቅ ነበር አሉ። አድጋ ሬዲዮ ጣቢያ ተፈተነችና ወደቀች። «ድምፅሽ ይቆጣል» አሏት። እውነታቸውን ነው፣ ይቆጣል። ዛሬም ፒያሳ ባንኮኒ ላይ ተደግፋ ማኪያቶ ስትጠጣ ሬዲዮው የታሪክ ቀን ሲጠራ በአንድ ቀን እንኳ ከተሳሳተ ባሬስታውን ትቆጣዋለች፤ እሱ የጣቢያው አለቃ ይመስል።

ያንን የሚቆጣ ድምፅ ይዛ እኛ ጋ መጣችና በሁለት አሮጌ ስፒከርና በአንድ ማይክ ሚኒ ሚዲያ አቋቋመች። ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ «ዛሬ በታሪክ» ብላ ስትጀምር ያ ሁሉ የሚንጫጫ ሕፃን ጸጥ ይላል። እኔ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ እየደበደብኩ እንኳ እንዲያ ጸጥ አይሉልኝም። ለእሷ ይህ ሥራ ብቻ አይደለም፤ የተነፈገችው ሬዲዮ ጣቢያ ነው።

የትምህርት ቤቱ ባለቤትም ዳይሬክተርም ካሣሁን ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር። ለስላሳ ነው። አንዲት ወላጅ «ልጄ ስለ ጦርነት ሰምታ ስታለቅስ አደረች» ብለው ቢያማርሩት፣ እፀገነትን ጠርቶ አንድ የተጠረዘ ወረቀት ሰጣት። ከኢንተርኔት አውርዶ ያስተረጎመው ነው፤ ለየቀኑ አንድ ለልጆች የሚመጥን ታሪክ። ልዑላን፣ ውሾች፣ ፊኛዎች፣ አይስክሬም። ሞት የለም፣ ረሃብ የለም። የሰው ልጅ ከተፈጠረ ጀምሮ ልደት ሲያከብር ብቻ የኖረ ያስመስላል።

ይባስ ብሎ ተርጓሚው ዲሴምበርን ታኅሣሥ፣ ፌብሩዋሪን የካቲት ብሎ ቁጥሩን እንዳለ ትቶታል። የፈረንጁ ፌብሩዋሪ 12 እኮ በእኛ የካቲት 5 ነው! በዚህ አያያዝ ታኅሣሥ 25 ቀን «ዛሬ ገና ነው» ብለን ሕፃናቱን አስጨበጨብናቸው፤ ከአራት ቀን በኋላ ደግሞ እናቶቻቸው ገናን አከበሩላቸው። አንዱ «ቲቸር፣ ክርስቶስ ስንት ጊዜ ነው የሚወለደው?» ብሎ ጠየቀኝ። ካሣሁን ሲነገረው «ዋናው መልእክቱ ነው» አለ።

እፀገነት ያን ሁሉ ጊዜ የዋጠችው ወዳ አይደለም። ብቻዋን የምታሳድጋት ልጇ ናዝራዊት እዚያው ሦስተኛ ክፍል ናት፤ የአስተማሪ ልጅ ስለሆነች ሳትከፍል ነው የምትማረው። እናት ከተባረረች ልጅም ትወጣለች።

የካቲት ሲገባ ወረቀቱን ገልጣ አሳየችኝ። «የካቲት 12፦ በዚህ ቀን በጣሊያን አገር አንድ የሚያምር ልዑል ተወለደ። መልካም ልደት፣ ልዑል ሆይ!» ይላል።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ እሷ አስረዳችኝ። በ1929 ዓ.ም. የካቲት 12 ቀን የአዲስ አበባ ድሃ ገነተ ልዑል ግቢ፣ የዛሬው ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ፣ የተጠራው ለዚሁ ልዑል መወለድ ምጽዋት ሊሰጠው ነበር። በመሃል በጣሊያኑ ገዢ ላይ ቦምብ ተወረወረ። ከዚያ ወዲያ ጣሊያኖቹ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማውን ፈጁት፤ ቤት ከነሰዉ አቃጠሉ። ስድስት ኪሎ ያለው ሐውልት የቆመው ለእነዚያ ሰዎች ነው። ልዑሉ የተወለደው በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 12፣ ሕዝቡ ያለቀው በእኛ የካቲት 12፤ የእኛ ጉድ ተርጓሚ ሁለቱን አንድ ቀን አደረጋቸው። እኛ ደግሞ በሰማዕታቱ ቀን፣ ከሐውልቱ ሥር ሆነን፣ ሕፃናቱን ለልደቱ ልናስጨበጭብ ነው።

ካሣሁን ዘንድ አብረን ገባን።

«አቶ ካሣሁን፣ ይህንን አላነብም» አለች።

«ልደት እኮ ነው፣ እፀዬ! ልደት ምኑ ያስጸይፋል?»

«ሰው ያለቀበት ልደት ነው። ወይ እውነቱን ልጻፍላቸው፣ ወይ የዚያን ቀን ዝም እንበል።»

«ስለ እልቂት ለሕፃን አይወራም። ለልጆች የሚመጥነውን ብቻ አንብቢ፣ በቃ። እንዲያውም ልደት ስለሆነ ከረሜላ አስገዝቻለሁ፤ ተሰልፈው ይምጡና አንቺው ታድያቸዋለሽ።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ናዝራዊት እንዴት ናት? ጎበዝ ናት አሉ» አላት፤ ፈገግ እንዳለ።

ሰው ሲያስፈራራ እንኳ ቢቆጣ ምን አለበት? ያ ፈገግታ እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ስንወጣ «ተይው፣ ዝም አይነቅዝም» አልኳት።

«ይነቅዛል» አለች። «አይሸትሽም?»

የካቲት 12 ጠዋት ከስድስት ኪሎ በኩል የማርሽ ባንድ ይሰማ ነበር። እፀገነት ማይኩን ይዛ አነበበች፤ ሳትጨምር ሳትቀንስ። ከማውቃት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ አልተቆጣም። ልክ እንደ ካሣሁን ለስልሶ ነበር። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ ከኋላ ያሉት «ማርሹም ለልደቱ ነው» ተባባሉ። ከዚያ እጃቸውን እየዘረጉ ተሰለፉ። ከረሜላ የሞላውን ሳፋ ታቅፋ በየመዳፋቸው ስታስቀምጥ ማየት አስጠላኝ።

የናዝራዊት ተራ ደረሰ። እናቷ እጇን ሳፋው ውስጥ ከትታ ቆየችና ባዶውን አወጣችው።

«አንቺ አትወስጂም» አለቻት።

«ለምን?»

«አትወስጂም አልኩሽ።»

ልጅቷ ዙሪያዋን አየች። የሁሉም ጉንጭ በከረሜላ አብጧል። «እማዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

በእፀገነት ተናደድኩ። ለሰው ልጅ ሁሉ ስታድል ቆይታ የራሷን ብቻ ለይታ ማትረፏ አንገሸገሸኝ። እሷም ራሷን ሳትጸየፍ አልቀረችም፤ ፊቷ «ኤጭ» ልትል ስትል እንደሚሆነው ተኮማተረ።

«ምንም አላጠፋሽም» አለች። «እነሱም ምንም አላጠፉም ነበር።»

«እነማን?»

ሳፋውን መሬት ላይ አስቀምጣ ተንበረከከችና ነገረቻት። ድሆቹ ለልደቱ እንደተጠሩ፣ እጃቸውን ዘርግተው እንደቆሙ፣ ስንቶቹ ወደ ቤታቸው እንዳልተመለሱ። ክፉውን ነገር ሁሉ አልዘረዘረችም፤ አልዋሸችምም። ሰልፉ ፈርሶ ልጆቹ ከበቧት። ካሣሁን ከቢሮው ደረጃ ላይ «እፀገነት! እፀገነት!» እያለ ወረደ።

የናዝራዊት የወንበር ጓደኛ ኢክራ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ የኔ እኮ አፌ ውስጥ ነው። ልትፋው ወይስ ልዋጠው?»

ካሣሁን አጠገባቸው ደርሶ ነበር። «ዋጪው የኔ ቆንጆ፣ ከረሜላ እኮ ነው» አላት።

ኢክራ ዞር ብላም አላየችው፤ ጉንጯን እንደነፋች እፀገነትን ትጠብቃለች። እፀገነት ልጇን አየች። ቀና ብላ ካሣሁንን አየች።

«ትፊው» አለቻት።