የእናቴ ሰንደል

ከባሕር ዳር ስመለስ ሐሙሲት ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ረዳቱ ተሳፋሪ ሲጠራ፣ አንዲት ሻጭ በመስኮቱ በኩል አንድ እስር ሰንደል አፍንጫዬ ስር አስጠጋችልኝ። «እህቴ፣ አሽትቺውማ! ኦርጅናል ነው!» አንዱን እንጨት መዘዝኩና በሁለት ጣቶቼ መሃል አሸት አደረግኩት። ዱቄቱ ረገፈ። «አይሆንም» አልኳት። «ሳታሸትቺው?» አለችኝ ተቆጥታ። እስሩን ስመልስላት አውቶቡሱ ተነሣ፤ ጣቶቼ ላይ የቀረው ሽታ ግን እስከ እንፍራንዝ፣ እስከማስተምርበት ከተማ ድረስ አልለቀቀኝም።

ሰንደል በጣት እያሸ የሚመርጥ ሰው አይተህ አታውቅ ይሆናል። አትሳቅብኝ። እኔና አባቴ አንድ ክረምት ሙሉ ሌላ ሥራ አልነበረንም።

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም በማይርቅ ግቢ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይተን እንኖር ነበር። አባቴ በፋብሪካ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነበሩ። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የዚያን ዓመት ግንቦት ላይ እናቴ ሞተች። ድንገት ነው፤ ስለ እሱ ማውራት አልወድም።

እናቴ ማታ ማታ ሰንደል ትለኩስ ነበር። ሽታው ምን ዓይነት እንደነበር ያኔ ብትጠይቀኝ በደንብ እነግርህ ነበር። ከገበያ እንደመጣች እንጨቶቹን ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ታቆማቸውና ካርቶኑን ከሰል ማቀጣጠያ ታደርገዋለች። «ካርቶን ውሸታም ነው» ትላለች። «ሽቶውን እሱ ላይ ነው የሚያርከፈክፉት።» እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት ደግሞ ነጠላዋን ከጭሱ በላይ ዘርግታ ታጥነዋለች። ቅዳሴ ላይ ከጎኗ ስቆም፣ ፊቴን ነጠላዋ ውስጥ እደብቅና እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ለቅሶው ላይ ቤቱ በሰው ተሞላ። ጎረቤቶች ቆርቆሮውን አገኙና ለእንግዳው እየለኮሱ ጨረሱት። ክፉ ያሰበ ሰው የለም። ድንኳኑ ፈርሶ፣ ዘመድ ወደየመጣበት ተመልሶ፣ እኔና አባቴ ብቻችንን ስንቀር ግን ቆርቆሮው ባዶ ነበር፤ ቤታችንም ቤታችንን አልሸት አለን። አባቴ በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ ሲያሸቱ አየኋቸው። ገና ያልገቡበት የሰው ቤት ይመስል።

«ስሙን ታውቂዋለሽ?» አሉኝ።

አላውቀውም ነበር። ካርቶኑ አልነበረ፣ እሷም ነግራን አታውቅ።

«አይዞሽ፣ እናገኘዋለን። ሰንደል'ኮ ነው፤ ከሰማይ አልወረደ።»

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲመለሱ አዲስ ሰንደል ይዘው መግባት ጀመሩ። የሚገዙት ገበያው መግቢያ ላይ በሣጥን ከሚቸረችር አንድ ምላሰኛ ወጣት ነው። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጄ ነበር። አባቴ እያንዳንዱን እያሹ፣ የውስጡን የቀርከሃ እንጨት እያዩ፣ እየመለሱ ሲያስቸግሩት፣ «ጋሼ፣ ሰንደል ነው ወይስ ሙሽራ የሚመርጡት?» አላቸው። «ሙሽራዋንማ ዱሮ መርጨ ጨርሻለሁ» አሉትና ሳቁ። ከቀብሩ በኋላ ሲስቁ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

ፈተናው የሚካሄደው ሲመሽ ነው። የጣና ነፋስ ከሰዓት በኋላ ይነሣል፤ በዚያ ሰዓት የተለኮሰ ሰንደል ለጎረቤት እንጂ ለባለቤቱ አይሸትም። ነፋሱ ሲበርድ አባቴ አንዱን ይለኩሱና አጎንብሰው ያዩታል። አመዱ ሳይረግፍ ጎበጥ ብሎ ከቆየ «ይኸ በደንብ የታሸ ነው» ይላሉ። ዓይናቸውን ካቃጠላቸው «ቀርከሃው ነው የሚነደው፤ ሰንደል የለበትም» ብለው ያጠፉታል። ይኸን ፈተና ያለፈውን ደግሞ እየጨሰ ትተነው ወጥተን ደጃፉ ላይ እንቀመጣለን። ሽታ ውስጡ ተቀምጠው አይዳኝም፤ ወጥቶ መግባት ያስፈልጋል። ጥቂት ቆይተን እንገባለን።

የመጨረሻው ዳኛ ነጠላው ነበር። እናቴ በመጨረሻው እሑድ የለበሰችውን ነጠላ አባቴ ሳይታጠብ በፌስታል ቋጥረው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀምጠውት ነበር። የእሷ ሽታ የቀረው እሱ ላይ ብቻ ነው። ቋጠሮውን ይፈቱና መጀመሪያ ለእኔ ያቀርቡልኛል፤ ጭሱን አሸትቼ ነጠላውን፣ ነጠላውን አሸትቼ ጭሱን አወዳድራለሁ። ቀጥሎ እሳቸው።

«ይኸ የመኪና ሽቶ ነው።»

«ሳሙና ነው፣ አባዬ።»

«ይኸስ የተቃጠለ ላስቲክ! ያ ቀጣፊ!»

ነጠላው ተመልሶ ይቋጠራል፣ እራት እንበላለን፣ ዝናቡ የጣሪያውን ቆርቆሮ እየደበደበ እንተኛለን። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበርና ቀኑን ብቻዬን ነበር የምውለው። ከግድግዳ ጋር ያወራሁበት ጊዜ አለ። ማታ ማታ ግን ያ ፈተና ነበር። የምንፈልገውን ሽታ ብቻ ሳይሆን ፍለጋውንም ወድጄው ነበር መሰለኝ፤ አባቴ እናቴ እያለች ከእኔ ጋር ያን ያህል ተቀምጠው አያውቁም።

ፍልሰታ ሊፈታ አካባቢ አንድ ምሽት ከደጅ ገብተን ነጠላውን ፈታነው። አሸተትኩ። ጭሱንም አሸተትኩ። ደግሜ ነጠላውን። አንድ ነበሩ። ነጠላውን ለአባቴ ሰጠኋቸው። ፊታቸውን ቀብረውበት ቆዩና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«እሱ ነው» አሉ። «ራሱ ነው። አገኘናት።»

አባቴ በፊቴ አልቅሰው አያውቁም፤ ለቅሶው ላይ እንኳ ወደ ጓሮ ይሄዱ ነበር። ያን ምሽት ግን እንባቸውን ሳይጠርጉ እየሳቁ እኔን እያዩ አለቀሱ። እኔም አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ።

በማግስቱ ያለውን ሁሉ ልንገዛ አብረን ሄድን። ሻጩ የያዝነውን ካርቶን ሲያይ ሣጥኑን ትቶ ተነሣ።

«ጋሼ! ይኸን'ኮ በሐምሌ ወስደው በማግስቱ መጥተው የሰደቡኝ ነው! የተቃጠለ ላስቲክ ሸጥህልኝ ብለው! አፍንጫዎ ተመለሰልዎ?»

«ሌላ ይሆናላ» አልኩት እኔ።

«ምን ሌላ አለ? ባለ ዝሆኑ ይኸው ነው። ትናንትም ሌላው አልቆብኝ፣ አፍሬ ሳልነግርዎ ነው የሰጠሁዎ።»

ካርቶኑን አየሁት። ቀይ ነው፣ ዝሆን አለው። አስታወስኩት። ሽታው እንዴት ተለወጠ እያልኩ ግራ ሲገባኝ፣ አባቴ ግን ቀድመው ገብቷቸው ነበር። እጃቸው ካርቶኑ ላይ ቀረ። የሰጣቸውን ሁሉ ተቀብለው ሂሳቡን ከፍለው፣ «በሐይቁ በኩል እንሂድ» አሉኝ።

በመንገድ ላይ የደንገል ታንኳ ይዘው የሚመለሱ ዓሣ አጥማጆች ሰላም ሲሏቸው ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ። ከዛፎቹ ስር ስንደርስ ቆሙ።

«ነጠላውን እኛው አጠንነው» አሉ።

ያኔ ገባኝ። በየማታው ቋጠሮውን የምንፈታው ጭስ በሞላበት ክፍል ውስጥ ነው። ለማወዳደር በገለጥነው ቁጥር ጭሱ እየገባበት፣ የእሷ እየወጣ፣ ያንን ሁሉ ጊዜ ስንዳኝበት የኖርነው የራሳችንን ጭስ ነበር። እሷን ስንፈልግ የቀረችንን ጨርሰናት ነበር።

«ደጅ ወስደን ብንፈታው ኖሮ» አልኩ እያለቀስኩ።

«ተይው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።» ትከሻዬን ያዙኝ። «አንቺ አይደለሽም። ማንም አይደለም።»

ቤት ስንደርስ ፌስታሉን አጥብቀው አስረው ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀሉት። ከባለ ዝሆኑ አንዱን ለኮሱ። አላሹትም፣ አመዱን አላዩም፣ ደጅም አልወጣንም። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ እሳቸው ሬዲዮናቸውን፣ እኔ ደብተሬን ይዘን በየፊናችን ተቀመጥን። ያ ዝምታ ከቀብሩ ቀን ይከብድ ነበር። ያለ ሥራ የቀረን መሰለኝ።

ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ሥራም ያዝኩ። አባቴ ጡረታ ወጥተው እዚያው ቤት ብቻቸውን አሉ። ሰንደል አልቀየሩም።

ባለፈው ፋሲካ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ተቃቅፈን ተሳሳምንና ቦርሳዬን አስቀምጬ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ከጠረጴዛው ላይ ጭሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ዓይናቸውን ጨፍነው ወደ ውስጥ ሳቡት።

«የእናትሽ ሽታ አይለቅም፤ አየሽ?» አሉኝ።

የሚቀልዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አይቀልዱም። አይደለም አባዬ፣ ይኸ'ኮ የእሷ አይደለም ልላቸው አፌን ከፈትኩ፤ ከማለቴ በፊት ግን የእሷን ለማስታወስ ሞከርኩ። እጇን አስታወስኩ። ድምፅዋን፣ ስትስቅ አፏን በመዳፏ የምትሸፍነውን። ሽታዋ ጋ ስደርስ ከፊቴ ከሚጨሰው በቀር ምንም አላገኘሁም።

«አዎ፣ አባዬ» አልኳቸው።