ቆሮሶ ጭኖ ወደ ይፋግ፦ ያለ ጥሩምባ፣ ያለ እልልታ

ንጋት፣ ባሕር ዳር

ገና ጎህ ሳይቀድ ከጣና የሚነሣው አየር ጆሮ ይቆርጣል። እኔ ብርድ አልወድም፤ ለጫንናቸው ዓሦች ግን ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። አይሱዙው ላይ ክዳን ያላቸው ሰማያዊ በርሜሎች ተደርድረዋል። በውስጣቸው ጣት የሚያህሉ የቆሮሶ ጫጩቶች አሉ፤ ከባትሪ ጋር የተያያዘች ትንሽ ሞተር አየር ትነፋላቸዋለች። የምንሄደው ይፋግ፣ ወይዘሮ እናትነሽ የሚባሉ ሴት ወዳስቆፈሩት ኩሬ ነው።

እኔ የሐዋሳ ልጅ ነኝ፤ እዚህ የዓሣ ጫጩት በሚፈለፈልበት ጣቢያ መኖ እቀምማለሁ። ወይዘሮ እናትነሽ አምና የወሰዷቸው ጫጩቶች በማግስቱ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፈፉ። ባለቤታቸው መሪጌታ ሲሳይ የሩዝ መሬታቸውን ለኩሬ የለቀቁት ቅር እያላቸው ነበርና፣ ዘንድሮ ቁርጡን ተናግረዋል፦ ይኸኛውም ከሞተ ኩሬው ተደፍኖ ሩዝ ይዘራበታል። ለሴትዮዋ ይህ የመጨረሻ ዕድላቸው ነው።

ሾፌራችን ደሳለኝ የዱርቤቴ ሰው ነው። ሞተሩን አስነሥቶ እጁን ወደ ቴፑ ሰደደ።

«ዛሬ ሙዚቃ የለም» አልኩት።

«ምነው፣ ለቅሶ ነው እንዴ የምንሄድ?»

«ዓሦቹ ይደነግጣሉ። ጥሩምባም አትንፋ።»

«እኔ ጥሩምባ ሳልነፋ ነድቸ አላውቅም!» አለና እንዳኮረፈ ነዳ። የዓባይን ድልድይ ተሻገርን።

ረፋድ፣ ሐሙሲት

ሐሙሲት ስንደርስ ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል። አህያ፣ በግ፣ ሽንኩርት የጫነ ባጃጅ፣ እህል የተሸከመች ሴት። ደሳለኝ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ኧረ እባካችሁ መንገድ!» እያለ በአፉ ይለምናል። አንዱ ሽማግሌ «ጥሩምባህን ሸጥኸው?» ብለው ሳቁበት። እኔም ሳቄን መያዝ አልቻልኩም።

ፓስቲ በሻይ እየበላን ደሳለኝን ነገሩ ከነከነው።

«ቆይ፣ ምን አብልተሻቸው ነው የማይደነግጡ?»

እንዲህ አስረዳሁት። ዓሣ በመረብ ሲነሣ፣ ሲቆጠር፣ ሲጓጓዝ ይደነግጣል። ድንጋጤው ሲቆይበት ምግብ ይተዋል፣ በሽታ መቋቋም ያቅተዋል፤ መንገዱን ችሎ ከደረሰ በኋላ የሚሞተው ለዚህ ነው። ፕሮቲን የሚገነባባቸው አሚኖ አሲድ የሚባሉ ጥቃቅን ነገሮች አሉ። አንዱ ትሪፕቶፋን ይባላል፤ የዓሣው ሰውነት ከእሱ ሴሮቶኒን የሚባል የሚያረጋጋ ነገር ይሠራል። እኔም ከጉዞው በፊት መኖው ላይ እየጨመርኩ ሳበላቸው ሰነበትኩ። ውሃቸውን እንዳያቆሽሹ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ምግብ ከልክያቸዋለሁ።

«እንግዲያው ጾመኞች ናቸዋ!» አለ ደሳለኝ፣ ኩርፊያው ለቆት።

ጣቢያው ግማሾቹን ተራ መኖ አብልተን እናወዳድር የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። በሳይንስ ደንብ ትክክል ነው። እኔ ግን በሰው የመጨረሻ ዕድል ላይ ሙከራ አልሠራም ብዬ ተከራከርኩ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት መኖ በሉ።

ከቀትር በፊት፣ ወረታ

የጉማራን ወንዝ አልፈን ወረታ መግቢያ ላይ ፍተሻ ገጠመን። ጠባቂው በርሜሉን አስከፍቶ እጁን እስከ ክርኑ ነከረ። ውሃው ታመሰ። ደሜ ፈላ።

«ወንድሜ፣ እባክህ እጅህን አውጣ!»

«ምነው፣ ይናከሳል?»

«እነሱ አይናከሱም፤ አንተን ነው የፈሩ» አለው ደሳለኝ። ጠባቂው ስቆ እጁን በሱሪው ጠረገና አሳለፈን።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ጫጩቶቹ ከታች ተጠጋግተው ቆዩና ቀስ በቀስ ተበተኑ። ከጠበቅሁት ፈጥነው የተረጋጉ መሰለኝ። መኖዬ ይሁን ምኞቴ እርግጠኛ አይደለሁም። ደሳለኝ የወረታን የሩዝ እንጀራ ሳይቀምስ ማለፉ እስከ ርብ ወንዝ ድረስ አነጋገረው።

ቀትር፣ ይፋግ

ከአስፋልቱ ወርደን በታጨደ የሩዝ ማሳ መሃል ቀስ ብለን ገባን። ኩሬው ዳር ጎረቤት ተሰብስቦ ይጠብቀናል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አደግድገዋል፣ ወንዶቹ እጅጌያቸውን ሰብስበዋል፣ አንዱ ከበሮ ይዟል። ወይዘሮ እናትነሽ ሮጠው መጥተው ጉንጬን ሳሙኝ።

«ይኼ ሁሉ ሰው ምን ሊያደርግ ነው?» አልኳቸው።

«ሊቀበላቸው ነዋ! አምናም እንዲህ ነበር። ያልመጣ የለም። ሁሉም በእጁ ይባረኩ እያለ እያፈሰ ከተታቸው። እልልታው፣ ጭብጨባው! ደስ ብሎን ነበር እኮ፣ ልጄ።»

አምና ዓሦቹን ምን እንዳገኛቸው ያን ጊዜ ገባኝ። እንዴት አድርጌ ልንገራቸው? በደስታችሁ ነው የሞቱት ይባላል?

«ዛሬ እልልታ አይኖርም፣ እማማ። ማንም በእጁ አይነካቸው።»

ፊታቸው ጠቆረ። «እንግዳ እንዲህ በዝምታ ይገባል? ነውር አይደለም?»

መሪጌታ ሲሳይ ከኩሬው በወጣው የአፈር ክምር ላይ ተቀምጠው ያዳምጡናል። አፈሩን ለመድፈኛ ብለው ነው ያላስነሡት። ትሪፕቶፋን ምን እንደሚሠራ ነገርኳቸው፤ መኖው እንደሚያግዝ፣ ግን ይህን ሁሉ እጅና ጩኸት እንደማይችል ጭምር።

«ኢትፍርሁ፣ አትፍሩ የሚል እህል ነው በይኛ» አሉ ፈገግ ብለው። ከዚያ ወደ ጎረቤቱ ዞሩ። «ሰማችሁ? እልልታችሁን ለነገ አሳድሩት።»

ሰዉ ቅር እያለው ራቅ ብሎ ተቀመጠ። የኩሬውን ውሃ በጆግ እየቀዳን፣ በርሜሎቹ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ጨመርን፤ ሙቀቱን እስኪለምዱት። በመጨረሻ በርሜሎቹን አዘንብለን በራሳቸው ዋኝተው እንዲወጡ ተውናቸው። ከበሮው አልተመታም።

ማግስት፣ ኩሬው ዳር

እነሱ ቤት አደርን። ጠዋት ስወጣ ወይዘሮ እናትነሽ ቀድመውኛል። አንዳንድ የሞቱ ጫጩቶች ዳር ላይ ተንሳፍፈዋል፤ ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው ይቆጥሯቸዋል። መሪጌታ ከኋላችን ቆመዋል።

«ይበትኑላቸው» አልኩና መኖውን ለሴትዮዋ ሰጠኋቸው።

በተኑ። ውሃው ዝም አለ። ከዚያ አንዲት ትንሽ አፍ ብቅ አለች፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ኩሬው ሁሉ ዝናብ የወረደበት ይመስል ተንቦጫረቀ። የበላ ዓሣ ድንጋጤው ለቆታል ማለት ነው። መኖዬ ነው ወይስ ዝምታው? ያላወዳደርኩት እኔ ነኝና መልሱን አላውቅም።

መሪጌታ ጥቂት አይተው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ። «ያን አፈር ለማን እንስጠው? ቤት የሚመርግ ጎረቤት አለ?»

ወይዘሮ እናትነሽ እጃቸውን ወደ አፋቸው ሰደዱ፤ እልልታው ሊያመልጣቸው ሲል በነጠላቸው አፈኑት። አፋቸውን እንዳፈኑ የሩዙን ማሳ አቋርጠው፣ ከኩሬው ርቀው፣ ከመንገዱ ማዶ ቆሙና ለቀቁት። ትናንት ዝም ያሰኘነው ጎረቤት ከየግቢው እልልታውን ተቀበላቸው።

እሳቸው ግን ደንገጥ ብለው ወደ ኩሬው ዞሩ፣ ዓሦቹ ሰምተው እንደሁ ብለው።